ስለ ጎጃም ደጋ የዱር አይጦች፤ ዘራቸውም በአካልና በዘረ መል ስለሚለይበት መንገድ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፣ ለወረዳ ሹማምንትና ለመሬት ባለ ይዞታዎች የተሰጠ መግለጫ

አይጥ ሲባል ብዙ ሰው ሁሉ አንድ ዘር ይመስለዋል፤ በጎተራ የሚገኘውም በዱር የሚኖረውም ያው አይጥ ነው ይላል። ነገር ግን ከደብረ ማርቆስ እስከ ጮቄ ተራራ፣ ከዚያም እስከ ሰከላ ባለው ደጋ የሚኖሩት አይጦች በመልክ የተቀራረቡ፣ በጠባይና በትውልድ ግን የተለያዩ ናቸው። አንዳንዱ የገበሬውን እህል ያጠፋል፤ አንዳንዱ ከዱሩና ከወንዙ ዳር ሳይወጣ ይኖራል። ስለዚህ እህልን ለማዳን ትእዛዝ የሚሰጥ ሹም የትኛውን ማጥፋት፣ የትኛውን መጠበቅ እንደሚገባው ያውቅ ዘንድ ሊቃውንት ዘርን የሚለዩበትን መንገድ በአጭሩ እንገልጻለን። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የፊተኛው መንገድ የአካል ምርመራ ነው። መርማሪው የራስና የገላውን ርዝመት፣ ጅራቱን፣ የኋላ እግሩን መዳፍና ጆሮውን በሚሊሜትር ይለካል፤ ክብደቱን በግራም ይመዝናል፤ የጠጕሩን ቀለም ይጽፋል፤ በመጨረሻም የራስ ቅሉን አጽድቶ የመንጋጋ ጥርሶቹን ይመለከታል። ቀለምና መጠን በዕድሜና በምግብ ይለዋወጣሉ፤ የጥርስና የራስ ቅል ቅርጽ ግን ይልቅ የጸና ነው።

ይሁን እንጂ መልክ ብቻውን ያሳስታል። በአገራችን «የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ» ይባላል፤ ዳኛ እንዲህ ባለ ምስክር እንደማይፈርድ ሁሉ ሊቃውንትም ከአካል ሌላ ሁለተኛ ምስክር ፈለጉ። ይህም ከአባትና ከእናት የሚወረሰው ዘረ መል ነው። በሕዋስ ውስጥ ዘረ መልን የሚሸከሙ ክሮሞሶም የሚባሉ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ማስቶሚስ የሚባሉት የእርሻ አይጦች በዓይን ቢያዩአቸው ለመለየት የሚያስቸግሩ ናቸው፤ ቢቈጠር ግን ማስቶሚስ ናታሌንሲስ 32፣ ማስቶሚስ ኤሪትሮሌውኩስ 38 ክሮሞሶም አላቸው። ከዚህም በላይ የዘረ መሉን ተራ እንደ ፊደል ማንበብ ይቻላል። ይህ የአንድን መጽሐፍ ልዩ ልዩ የብራና ቅጂዎች ቃል በቃል እንደ ማስተያየት ነው፤ አንድ ዓይነት ስሕተት ያላቸው ቅጂዎች ከአንድ ምንጭ እንደ ተገለበጡ ሁሉ፣ አንድ ዓይነት ለውጥ የያዙ እንስሳትም የቅርብ ዘመዶች ናቸው።

እግሩ ነጭ የሆነውን የደን አይጥ የጀርመኑ ሊቅ ሩፔል በ1842 ስም ሰጠው፤ ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ከሌሎች የአፍሪካ አይጦች ወገን ተቈጥሮ ኖረ። ዘረ መሉ በተመረመረ ጊዜ ግን ስቴኖሴፋሌሚስ ከሚባለው፣ በኢትዮጵያ ተራሮች ከሚኖረው ወገን ሆኖ ተገኘ። እንዲሁም ጠጕረ ሻካራው ሎፉሮሚስ ከሸዋ በተገኘ ናሙና በ1888 ተሰይሞ ነበር፤ በ2007 አካሉና ዘረ መሉ አብረው ቢመረመሩ፣ 70 ክሮሞሶም ያላቸው 3 አዲስ ዘሮች ከመካከሉ ተለዩ፤ አንዱም በመናገሻ፣ አንዱም በጨርጨር ስም ተጠራ።

ለጎጃም ግን ከሁሉ የሚበልጠው የሰከላው የውሃ አይጥ ነገር ነው። በ1927 በዊልፍሬድ ኦስጉድ መሪነት ከቺካጎ ፊልድ ሙዚየም የመጡ መርማሪዎች በጎጃም ሲያልፉ ከትንሹ ዓባይ ምንጭ አጠገብ አንድ አይጥ ያዙ። ኦስጉድም በ1928 ኒሎፔጋሚስ ፕሉምቤውስ ብሎ ሰየመው፤ ትርጓሜው «እርሳስ መሳዩ የዓባይ ምንጭ አይጥ» ማለት ነው። ጠጕሩ ውሃ የማያስገባ ጥቅጥቅ ያለ፣ ኑሮውም በውሃና በውሃ ዳር እንደ ነበረ አካሉ የሚያስረዳ ነው። በኋላ አንዳንድ ሊቃውንት ኮሎሚስ ከሚባለው ከሌላው የአፍሪካ የውሃ አይጥ ጋር ቀላቀሉት፤ በ1995 ሌሎች አካሉን እንደ ገና መርምረው ለብቻው የሚቆም ወገን ነው አሉ። ክርክሩም በ2020 በዘረ መል ታየ፤ በሙዚየሙ ከ90 ዓመት በላይ ከተቀመጠው ናሙና የተነበበው ዘረ መል፣ የኮሎሚስ የቅርብ ዘመድ ቢሆንም ራሱን የቻለ ቅርንጫፍ መሆኑን አስረዳ። እንዲህ ሁለቱ ምስክሮች ተስማሙ።

ነገር ግን ከዚያ ከአንዱ በቀር ሁለተኛ እንደ ተያዘ አልተመዘገበም። የምንጩ አካባቢ ለእርሻና ለከብት ግጦሽ ስለ ዋለ፣ የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እጅግ ለመጥፋት ከተቃረቡት፣ ምናልባትም ከጠፉት ጋር ቈጥሮታል። በምድር ላይ ጎጃም ብቻ ያላት ፍጥረት ስሙ በባዕድ አገር ሣጥን ውስጥ ብቻ እንዳይቀር ማሰብ የሁላችን ፈንታ ነው።

ስለዚህ የሚከተለው ይፈጸም ዘንድ እናሳስባለን።

1ኛ፤ የአይጥ መርዝ ለጎተራና ለእርሻ ብቻ ይዋል፤ በምንጭ፣ በወንዝ ዳርና በቤተ ክርስቲያን ደን አይበተን።

2ኛ፤ በምንጭና በጅረት ዳር ያለው ሣርና ቍጥቋጦ አይመንጠር፤ ከብትም በዚያ አይሰማራ።

3ኛ፤ መልኩ ያልተለመደ አይጥ ሞቶ ቢገኝ በባዶ እጅ አይነካ፤ በሽታ ያስተላልፋልና። የተገኘበት ቦታና ቀን በወረቀት ተጽፎ፣ በድኑ በንጹሕ አልኮል ተነክሮ ለአዲስ አበባ ወይም ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይላክ። ፎርማሊን ግን ዘረ መሉን ያበላሻልና አይጨመርበት። ቦታና ቀን ያልተጻፈበት ናሙና ስምና አገር እንደሌለው ምስክር ነው፤ ጥቅሙም ጥቂት ነው።