ዲግሪው ሁሉም እጅ ሲገባስ?

ኢኮኖሚክስ ስማር ከገባኝ ነገር ሁሉ እስካሁን የሚከተለኝ የማይክል ስፔንስ ሐሳብ ነው። ስፔንስ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ቀጣሪ የአመልካቹን ችሎታ ቀድሞ ማየት ስለማይችል ዲግሪውን እንደ ምልክት ያየዋል ይላል። ችግሩ፣ ምልክቱ ሁሉም እጅ ከገባ ማንንም አይለይም። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና አለ፤ 50 ከመቶ ያመጣ ያልፋል። ግን አብሯችሁ ለቃለ መጠይቅ የሚቀመጠውም ያንኑ አልፎ ነው የመጣው።

ስለዚህ ተመራቂዎች፣ ቴሌግራም ላይ "ዜሮ ዓመት ልምድ" የሚል ማስታወቂያ ከመጠበቃችሁ በፊት የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አውጡ። ስንት ሰው ጠየቃችሁ? ዳታውን በኤክሴል ሠራችሁት ወይስ በስታታ? የት ላይ ተቸገራችሁ፣ እንዴትስ ተወጣችሁት? ይህን በሁለት ደቂቃ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም፣ ለዶርም ጓደኛችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት። አፓረንትሺፕ የወጣችሁም እንደዚሁ፤ ቢሮው ውስጥ በእጃችሁ የሠራችሁትን ቁጠሩ።

"እስቲ ስለ ራስህ ንገረን" ሲባል "ታታሪ ነኝ" ሁሉም ይላል። "80 ነጋዴዎችን ሱቃቸው ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ" ያለ ግን ይታወሳል። ኮፒ የተደረገ ጽሑፍ ይዞ የገባ ደግሞ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ያልቅበታል።