የውሃ ኤሊ በቤት፦ እውነት ወይስ ተረት?

«ኤሊ ምንም አትፈልግም፤ ሳፋ ውስጥ ውሃ አድርገህ አስቀምጣት፣ ትኖራለች።» የውሃ ኤሊ ቤቱ ያስገባ ሰው ከጎረቤት ቀድሞ የሚሰማው ምክር ይህ ነው። ተረት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ኤሊ ረሃቡንም ብርዱንም ለወራት ዝም ብላ ስለምትችለው ነው። እንደ ውሻ አትጮህም፣ እንደ ድመት አታጉረመርም፤ እኛም ዝምታዋን እንደ ጤና እንቆጥረዋለን።

የውሃ ኤሊ የምትተነፍሰው በሳንባ ነው። እንደ ልቧ የምትዋኝበት ውሃ ያስፈልጋታል፤ ከውሃው ወጥታ ሙሉ በሙሉ የምትደርቅበት ድንጋይ ወይም እንጨትም የግድ ነው። ምግቧን የምትውጠው ውሃ ውስጥ ነው፣ የምትጸዳዳውም እዚያው። ስለዚህ ፊልተር የሌለው ገንዳ ውሃው ቶሎ ቶሎ ካልተቀየረ ዓይኗ ያብጣል፣ ቆዳዋና ቅርፊቷ ይቆስላል።

«ዕቃው ትንሽ ከሆነ እሷም ትንሽ ሆና ትቀራለች» የሚባለውም ሐሰት ነው። በጠባብ ዕቃ ማደግ ያቆመች ኤሊ ካለች በምግብ እጦትና በቆሻሻ ውሃ የተጎዳች ናት። በዓለም ገበያ ከሁሉም በላይ የተሸጠችው ጆሮዋ አካባቢ ቀይ መስመር ያላት የአሜሪካ ኤሊ ስትገዛ መዳፍ አትሞላም፤ ሴቷ አድጋ ግን ወደ 30 ሴንቲሜትር ትደርሳለች፣ በደንብ ከተያዘችም 30 ዓመትና ከዚያ በላይ ትኖራለች። ዛሬ ለሕፃን ልጅ የተገዛች ኤሊ ልጁ አግብቶ ሲወልድም ልትኖር ትችላለች። ይህን ሳያስቡ መግዛት ለእሷም ለቤተሰቡም በደል ነው።

«የፎገራ ፀሐይ ይበቃታል» የሚለው ግማሹ እውነት ነው። ቀን ቀን በእርግጥ ይበቃታል። ቅርፊቷን የሚያጠነክረውን ካልሲየም ሰውነቷ የሚጠቀምበት በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በሚሠራው ቫይታሚን ዲ ነው። ይህ ጨረር ግን የመስኮት መስታወት አያልፍም፤ ሳሎን ውስጥ መስኮት ሥር የተቀመጠች ኤሊ ሙቀቱ እንጂ ጥቅሙ አይደርሳትም። የፎገራዋ ከተማ ወረታ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ለአብዛኞቹ የቤት የውሃ ኤሊዎች የሚስማማው ውሃ ደግሞ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በቀዘቀዘ ውሃ የሰነበተች ኤሊ መብላት ትተዋለች፣ ሳንባዋም ይታመማል። በሌላ በኩል ጥላ በሌለው ሳፋ እኩለ ቀን ፀሐይ ላይ የተተወች ኤሊ በሙቀት ልትሞት ትችላለች።

ምግቧን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው፤ እንጀራ፣ ዳቦና የተረፈ ሩዝ ምግቧ አይደሉም። ጥሬ ሥጋ ብቻውንም አጥንቷን ያለሰልሰዋል። ከነአጥንቱ የተከተፈ ትንሽ ዓሣ፣ ትልና ነፍሳት፣ ስታድግ ደግሞ በብዛት ቅጠል ይሰጣት። የሐበሻ ጎመን ካልሲየም ስላለው ከሰላጣ ይሻላል።

ቅርፊቷም ወልቆ የሚቀየር ቤት አይደለም። ከጀርባ አጥንቷና ከጎድን አጥንቷ ጋር አንድ የሆነ፣ ነርቭ ያለበት አካሏ ነው። ቀለም መቀባትና ለገመድ መብሳት ያማታል።

«ከውሃ ስለማትወጣ ንጹሕ ናት» ማለት ደግሞ ሰውን ያሳምማል። ፍጹም ጤነኛ የምትመስል ኤሊ ሳልሞኔላ የተባለውን ተቅማጥና ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያ ልትይዝ ትችላለች። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1975 ቅርፊታቸው ከ10 ሴንቲሜትር ያነሰ ኤሊዎች ለቤት እንስሳነት እንዳይሸጡ ያገደችው ልጆች በዚህ ስለታመሙ ነው። የነካት ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ገንዳዋ የምግብ ዕቃ በሚታጠብበት አይታጠብ፤ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ልጆች ባይነኳት ይመረጣል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን ደግነት የሚመስለው ተረት ነው፤ «ከሰለቸችህ ጣና ሐይቅ ልቀቃት፣ አገሯ ነው» የሚለው። ለአሜሪካዊቷ ኤሊ ጣና አገሯ አይደለም። የዓለም የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት በዓለም ላይ እጅግ ጎጂ ከሆኑ 100 መጤ ዝርያዎች መካከል መዝግቧታል፤ የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳትገባ ከለከለ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታችኛው ዓባይ ስለለየው ጣና ሌላ ቦታ የማይገኙ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ርብ ወንዞች ይወጣሉ። የዓሣ ጫጩት፣ ነፍሳትና የውሃ ተክል የምትበላ መጤ እንስሳ ወደዚህ ማስገባት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለፎገራ ሰው መንገር አያስፈልግም። የውሃ አረሙ እምቦጭም ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን ያዳረሰው አበባው ስላማረ ነው፤ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 መታየቱ ከታወቀ በኋላ ገበሬው ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው ኖሯል።

«እኔ የምለቃት በቦይ ነው እንጂ ጣና አይደለም» የሚል ካለ ክረምቱን ያስታውስ። ርብና ጉማራ ሲሞሉ፣ ጣናም ወደ ሜዳው ሲወጣ ከፎገራው ቁሐር ሚካኤል የሩዝ ማሳ እስከ ሐይቁ አንድ ውሃ ይሆናል።

የአገራችን ኤሊ ብትሆንስ? ረግረግ ሲደርቅ ጭቃ ውስጥ ተቀብራ ዝናብ የምትጠብቅ፣ አንገቷን ወደ ጎን የምታጥፍ የውሃ ኤሊ በኢትዮጵያም አለች። እሷን ከዱር አምጥቶ ቤት ማኖር የዱር እንስሳት ሕግ ያለ ፈቃድ የሚከለክለው ነው፤ ስለዚህ ያገኛት ሰው ባለችበት ይተዋት። የገዛትን ማሳደግ ያቃተው ደግሞ ገንዳና ፊልተር ላለው ሰው ይስጣት። በግቢው ኩሬ የሚያሳድግም ኤሊ እንደምትቆፍርና እንደምትወጣ አውቆ፣ መሬት ውስጥ የገባ አጥር ከሰኔ በፊት ይሥራ፤ ጎርፍ የሚገባበት ግቢ ከሆነ ግን ክረምቱን ቤት ውስጥ ታሳልፍ።