የሕሙማን ምስጢር ሲሾልክ ሕግ ምን ያህል ይታደጋል?

የተጋለጠ የይለፍ ቃል በሌላ ይተካል፤ ለሐኪም የተነገረ ምስጢር ግን አንዴ ከወጣ መተኪያ የለውም። ታዲያ ታካሚው ከሕግ ምን ሊጠብቅ ይችላል? መልሱን በፊንላንድ ከደረሰው የቫስታሞ ጉዳይ እንፈልገዋለን።

ቫስታሞ የሥነ ልቦና ሕክምና ይሰጥ የነበረ የግል ድርጅት ነው። ሐኪሞቹ ታካሚዎቻቸው የነገሯቸውን በማስታወሻ እየመዘገቡ፣ ከታካሚው ስምና መለያ ቁጥር ጋር በአንድ የመረጃ ቋት ያስቀምጡ ነበር። በኋላ በተደረገው ማጣራት እንደታወቀው፣ ቋቱ ለወራት ከኢንተርኔት በቀጥታ ሊደረስበት በሚችል ሁኔታ ክፍት ሆኖ ቆይቷል፤ የዋናው አስተዳዳሪ መግቢያም የይለፍ ቃል አልነበረውም። አጥር በሌለው ግቢ ውስጥ ያልተቆለፈ ቤት ማለት ነው። መረጃው እ.ኤ.አ. በ2018 ተሰረቀ።

በመስከረም 2020 ዘራፊው ከድርጅቱ 40 ቢትኮይን ጠየቀ። እምቢ ሲባል የታካሚዎችን ማስታወሻ ማውጣት ጀመረ፤ ቀጥሎም ወደ ታካሚዎቹ ዞረ። በ24 ሰዓት ውስጥ 200 ዩሮ፣ ካለፈ 500 ዩሮ ካልከፈሉ ምስጢራቸው እንደሚወጣ በኢሜይል አስፈራራቸው። የተጎጂዎቹ ቁጥር 33,000 ያህል ነበር።

በአውሮፓ ኅብረት ከግንቦት 2018 ጀምሮ የሚሠራው የመረጃ ጥበቃ ደንብ ለታካሚው በመጀመሪያ የማወቅን መብት ይሰጠዋል። መረጃ ያዡ ጥሰቱን ባወቀ በ72 ሰዓት ውስጥ ለተቆጣጣሪው ባለሥልጣን፣ አደጋው ከፍተኛ ከሆነም ሳይዘገይ ለባለቤቶቹ ማሳወቅ አለበት። ቫስታሞ ይህን በጊዜው ባለማድረጉና ጥበቃው ደካማ በመሆኑ በታኅሣሥ 2021 የ608,000 ዩሮ ቅጣት ተወሰነበት። ቅጣት ግን ለመንግሥት እንጂ ለታካሚ ኪስ አይገባም፤ ድርጅቱም በዚያው ዓመት የካቲት ከስሮ ነበር።

ሁለተኛው መንገድ የወንጀል ክስ ነው። ከ20,000 በላይ ታካሚዎች ለፖሊስ አመለከቱ። ዘራፊው መረጃውን ሲያሠራጭ የራሱን የኮምፒዩተር ፋይሎች አብሮ በስሕተት ማውጣቱ መርማሪዎችን ረድቷል። የአውራጃው ፍርድ ቤት በሚያዝያ 2024 የ6 ዓመት ከ3 ወር እስራት ፈረደበት።

እጅግ የሚያከራክረው ሦስተኛው፣ ማለትም ካሣ ነው። ጎረቤቴ ያነበው ይሆን ብሎ እንቅልፍ ያጣ ሰው ጉዳቱን በምን ደረሰኝ ያስረዳል? የደንቡ አንቀጽ 82 ቁሳዊ ላልሆነ ጉዳትም ካሣ ይፈቅዳል። የኅብረቱ ፍርድ ቤት በግንቦት 2023 የደንቡ መጣስ ብቻውን ለካሣ እንደማይበቃ፣ ጉዳቱ ግን የግድ ከባድ መሆን እንደሌለበት ወሰነ። በታኅሣሥ 2023 ደግሞ መረጃዬ ያለ አግባብ ይውልብኛል የሚል በቂ መሠረት ያለው ሥጋት ራሱ እንደ ጉዳት ሊቆጠር እንደሚችል፣ ጥበቃው በቂ እንደነበር የማስረዳቱ ሸክምም የመረጃ ያዡ መሆኑን አስታወቀ። ለእኛ ትልቁ ድል ይህ የመጨረሻው ነው፤ ታካሚ የሆስፒታል ሰርቨር ከፍቶ ሊመረምር አይችልምና። ከሳሽ ሊያቀርብ የሚችለው የደረሰውን ማስታወቂያ፣ የማስፈራሪያውን መልእክትና የሕክምና ማስረጃውን ነው፤ መልእክቱን በንዴት የሰረዘ ዋናውን ማስረጃ አጠፋ ማለት ነው።

በአገራችን የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 399 በሥራው ያወቀውን የታካሚ ምስጢር ያወጣን ሐኪም ይቀጣል። ቋቱን ሳይቆልፍ የተወውን ተቋም የሚመለከተው ግን በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ነው፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥበቃ ከሚሹት ውስጥ መድቦታል።