ለጭቃና ለዳገት መንገድ የሚሆን መኪና ሲመረጥ፦ ባለ ፍሪሲዮን ወይስ አውቶማቲክ?

እንደሚታወቀው ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ከዩኒየን መጋዘን ተነሥተው እስከ ቀበሌ የሚጓጓዙበት ጊዜ ዝናቡ ከሚበረታበት ወራት ጋር የሚገጣጠም ነው። በጥቁር አፈር ላይ ጤፍ የሚዘራው በሐምሌ ነው፤ ዩሪያም በሁለተኛ ዙር የሚበተነው ሰብሉ ከበቀለ በኋላ፣ መንገዱ ክፉኛ በሚበላሽበት ወቅት ነው። በዚህ ጊዜ ማዳበሪያ የጫነ መኪና ለአምስት ቀን መንገድ ላይ ቢቀር የሚጎዳው መኪናው ብቻ አይደለም፤ የዘር ወቅቱም አብሮ ያልፋል። ስለሆነም አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር በአባላቱ ገንዘብ መኪና ለመግዛት ሲነሣ ስለ ካምቢዮው ዓይነት የሚያደርገው ምርጫ የአዝመራ ጉዳይ ጭምር ነው።

ቀደም ሲል ይህ ጥያቄ ብዙም አያነጋግርም ነበር። ለገጠር ሥራ የሚመጣው መኪና ከሞላ ጎደል ሁሉም ባለ ፍሪሲዮን (ማንዋል) ነበረና። ዛሬ ግን አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ፒክአፖች በብዛት ለሽያጭ ይቀርባሉ። በጠንካራነቱ የሚታወቀው የቶዮታ ላንድ ክሩዘር 70 ፒክአፕ እንኳ እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ባለ 6 ማርሽ አውቶማቲክ ሆኖም ይመረታል።

የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ በቅርብ የሚያውቀው አንድ ማኅበር ያገለገለ አውቶማቲክ ፒክአፕ ገዝቶ ሁለት ክረምት ያለ ችግር ሠራበት። በሦስተኛው ዓመት ነሐሴ ላይ ባትሪው ሞተ። የቀበሌው ወጣቶች ተሰብስበው መኪናውን ገፉት፤ አልተነሣም። ከዚያም በገመድ ከአንድ አይሱዙ ኋላ ታስሮ፣ አራቱም ጎማዎቹ መሬት እንደ ረገጡ፣ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተጎተተ። በማግሥቱ አዲስ ባትሪ ሲገጠምለት ሞተሩ ወዲያው ተነሣ፤ መኪናው ግን ወደ ፊትም ወደ ኋላም አልሄደም። ካምቢዮው ተቃጥሎ ነበር። መለዋወጫው የመጣው እህሉ ከታጨደ በኋላ ነው። ኮሚቴውም «አውቶማቲክ ለገጠር አይሆንም» ብሎ ደመደመ።

በአዘጋጁ አስተያየት ይህ ድምዳሜ ግማሹ ትክክል፣ ግማሹ ስሕተት ነው። ካምቢዮው በሥራ ላይ አልደከመም፤ የገደለው የመጎተቱ ዘዴ ነው። በሌላ በኩል ግን በዚያ አካባቢ ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው አለመኖሩ ራሱ ከምርጫው በፊት ሊታሰብበት የሚገባ ነገር ነበር።

ልዩነቱ ከምን ላይ ነው?

በማንዋል መኪና በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለው ፍሪሲዮን ነው። ሾፌሩ ፔዳሉን ሲለቅ ሸራ የለበሰው ዲስክ በሞተሩ የኋላ ገጽ ላይ በምንጭ ኃይል ተጣብቆ አብሮ ይዞራል። መኪናው ከቆመበት ሲነሣ ዲስኩ ለጥቂት ጊዜ ይንሸራተታል፤ በዚህ መንሸራተት ሸራው ያልቃል። ጭነት በዝቶ ዳገት ላይ ፔዳሉን በግማሽ ረግጦ መኪናውን ለመያዝ የሚሞክር ሾፌር አዲስ ሸራን በአንድ ከሰዓት በኋላ ሊያቃጥል ይችላል።

በአውቶማቲኩ የፍሪሲዮንን ቦታ የሚይዘው በዘይት የተሞላ የብረት ሣጥን ነው። በውስጡ ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ክፍል ዘይቱን እየወረወረ በፊት ለፊቱ ያለውን ሌላ ባለ ክንፍ ክፍል ያዞረዋል፤ ውኃ የወፍጮን መዘውር መትቶ ድንጋዩን እንደሚያዞረው ማለት ነው። ከቆመበት በሚነሣበት ቅጽበት ይህ ሣጥን የሞተሩን የመጠምዘዝ ኃይል ወደ ሁለት እጥፍ ገደማ ያሳድገዋል። የሚቃጠል ደረቅ ሸራ በዚህ ቦታ የለም። ይሁን እንጂ መንሸራተቱ አልቀረም፤ ወደ ሙቀት ተለውጦ ወደ ዘይቱ ይገባል። የካምቢዮው ዘይት በደኅና ጊዜ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይሞቃል፤ ከ120 በላይ ሲዘልቅ ግን ፈጥኖ ይበላሻል፤ የውስጥ ላስቲኮችና ሸራዎችም አብረው ይጎዳሉ።

እንግዲህ ዋናው ነጥብ ይህ ነው። ሁለቱም ያልቃሉ። የማንዋሉ ጉዳት በአንድ ዲስክ ላይ የሚከማች፣ በሽታው የሚታወቅና በየወረዳው ከተማ ባለ ጋራዥ የሚጠገን ነው። የአውቶማቲኩ ጉዳት ግን ድምፅ ሳያሰማ በዘይቱ ውስጥ ቆይቶ ሲገለጥ የሚፈታ ባለሙያና ብዙ ገንዘብ ይጠይቃል።

በጭቃ ላይ

በአገራችን ዋልካ፣ መረሬ ወይም ኮትቻ እየተባለ የሚጠራው ጥቁር አፈር ወደ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር እንደሚሸፍን ይገመታል። በጊንጪ፣ በበቾ ሜዳ ወይም በእነዋሪ የሠራ ሁሉ ጠባዩን ያውቀዋል፤ ሲረጥብ ጎማን እንደ ሙጫ ይይዛል። በእንዲህ ያለ መሬት ላይ መኪናን የሚያወጣው ያልተቋረጠ፣ ዝግ ያለ ግፊት ነው። ማንዋል መኪና ማርሽ ለመቀየር ፍሪሲዮን በተረገጠ ቁጥር ግፊቱ ለአንድ ሰከንድ ይቋረጣል፤ ለጭቃው ያቺ አንድ ሰከንድ ትበቃዋለች። አውቶማቲኩ ማርሽ ሲቀይር ይህን ያህል አይቋረጥም። በዚህ ረገድ ብልጫው የአውቶማቲኩ መሆኑን ሳይሸሽጉ መናገር ይገባል።

ጥሩ የማንዋል ሾፌር ይህን ጉድለት የሚያሸንፈው ማርሹን አስቀድሞ በመምረጥ ነው። ጭቃው ከመጀመሩ በፊት ቆሞ የአራት ጎማ ዝቅተኛ ማርሽ (ሾፌሮች ፎር ሎው የሚሉትን) ያስገባል፤ ከዚያም በሁለተኛ ማርሽ ገብቶ ሳይቀይር ይወጣል። የአውቶማቲክ ሾፌር ደግሞ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ሌላ ነገር አለ። መኪናው ሲያዝ ማንሻውን ከዲ ወደ አር፣ ከአር ወደ ዲ እያመላለሱ ነዳጅ መስጠት የተለመደ ነው፤ ካምቢዮን በዚህ ያህል ፍጥነት የሚገድል ነገር ግን የለም። ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልወጣ ሞተሩን በኤን ላይ አድርጎ ዘይቱ እስኪበርድ መጠበቅ፣ አካፋም ማንሣት ይሻላል።

የትኛውም ካምቢዮ ግን ጎማን አይተካም። ጥርሱ ያለቀ ጎማ ላለው መኪና ይህ ሁሉ ክርክር ከንቱ ነው።

በዳገትና በቁልቁለት

የዝቅተኛ ማርሽን ጥቅም በቁጥር ማየት ይጠቅማል። ለምሳሌ የአንድ መኪና አንደኛ ማርሽ 4፣ ዝቅተኛው የአራት ጎማ ማርሽ 2.5፣ ዲፈረንሻሉ 4 ቢሆን፣ ሲባዙ 40 ይሆናል፤ ሞተሩ 40 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል ማለት ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1000 ጊዜ ቢዞርና የጎማው ዙሪያ 2.3 ሜትር ቢሆን መኪናው በሰዓት ወደ 3.5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፤ ከእግረኛ እርምጃ ያነሰ ነው። በድንጋያማ ዳገትና ቁልቁለት የሚፈለገው ይህ ነው። ሻጩን ሲጠይቁ ከካምቢዮው ዓይነት በፊት ዝቅተኛው ማርሽ መኖሩን ይጠይቁ።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከባሕር ወለል በላይ 2400 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ ሩቡን ገደማ ያጣል። ቱርቦ ያለውም ቢሆን ዙሩ ከፍ እስኪል ድረስ ደካማ ነው። ጭነት ይዞ ዳገት ላይ ከቆመበት ለመነሣት የማንዋል ሾፌር ዙሩን ለማቆየት ፍሪሲዮኑን ያንሸራትታል፤ ሸራ የሚያልቀውም አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። አውቶማቲኩ ሞተሩ ዙር እስኪያገኝ በዘይቱ በኩል ስለሚታገሥ በደጋ አገር ዳገት አነሣሡ የተሻለ ነው።

በቁልቁለት ነገሩ ይገለበጣል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ የወረደ ሁሉ የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ያውቃል፤ መንገዱ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ ወደ ደጀን ይወጣል። መኪናን በማርሽ ይዞ መውረድ በማንዋል ቀላልና አስተማማኝ ነው፤ ሞተሩና ጎማው በብረት የተያያዙ ናቸውና። አውቶማቲክ በዲ ላይ ተትቶ ቁልቁለት ቢወርድ ግን ከፍ ወዳለ ማርሽ ሊቀይርና ሸክሙን ሁሉ በፍሬኑ ላይ ሊጥል ይችላል። ስለዚህ ማንሻውን ወደ ኤል ወይም ወደ 2 ማውረድ፣ አዳዲሶቹም በእጅ ማርሽ መምረጫ ካላቸው በእሱ መጠቀም ግዴታ ነው። በየትኛውም ዓይነት መኪና ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ መልቀቅ ነፍስን አሲይዞ መወራረድ ነው።

በወንዝ፣ በባትሪና በመጎተት ጊዜ

ወንዝ ሲሻገሩ ማንዋል መኪና ውኃ መካከል ፍሪሲዮን መርገጥ የለበትም፤ ውኃና ደለል በዲስኩ መካከል ይገባል። አውቶማቲኩ ደግሞ የካምቢዮው መተንፈሻ ቱቦ ከፍ ብሎ መታሰሩ መረጋገጥ አለበት። ከተሻገረ በኋላ ዘይቱ ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቷል፤ ዘይቱ ተለውጦ ካምቢዮው ሳይታጠብ መንዳት አይገባም።

ባትሪ ሲሞት ማንዋል መኪና ተገፍቶ ሊነሣ ይችላል። ሆኖም በኮምፒውተር የሚሠሩ አዳዲስ ሞተሮች ባትሪው ፈጽሞ ባዶ ከሆነ በግፊትም አይነሡም። አውቶማቲኩ በግፊት ጨርሶ አይነሣም፤ ትርፍ ባትሪ ወይም ማገናኛ ገመድ መያዝ አለበት። ሲጎተትም የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ የሚሠራው በሞተሩ ስለሆነ፣ ሞተሩ ጠፍቶ ጎማው ከዞረ ውስጡ ዘይት አያገኝም። ከላይ የተጠቀሰውን ፒክአፕ የገደለው ይኸው ነው። መኪናውን በሌላ መኪና ላይ መጫን፣ ካልተቻለም ካርዳኖቹን ፈትቶ መጎተት ያስፈልጋል።

ታዲያ የቱን እንግዛ?

አውቶማቲክ ደካማ ነው የሚለው አባባል ድሮ ቀርቷል። አሜሪካ ውስጥ ኦልድስሞቢል መኪና በሃይድራማቲክ ካምቢዮ መሸጥ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1939 ነው። የአሜሪካ ጦርም በ1950ዎቹ መጀመሪያ ባለ ሁለት ተኩል ቶን ካሚዮኖችን በሁለቱም ዓይነት አሠርቶ ነበር፤ ለአሥርተ ዓመታት መደበኛ ሆኖ የዘለቀው ኤም 35 የተባለው ማንዋሉ ነው። እሱም ቢሆን በ1990ዎቹ ሲታደስ አውቶማቲክ ተገጠመለት።

በአዘጋጁ እምነት አንድ መኪና፣ አንድ ቋሚ ሾፌርና ሩቅ ጋራዥ ያለው መሠረታዊ ማኅበር ዛሬም ማንዋል ቢገዛ ይሻለዋል። ሾፌሩ እጁ የተፈተነ ከሆነ ሸራው ብዙ ዓመት ያገለግላል፤ ቢያልቅም በሁለት ቀን ይቀየራል። በአንጻሩ መኪናው ከሠራተኛ ወደ ሠራተኛ የሚተላለፍ ከሆነ፣ ለምሳሌ ብዙ ባለሙያዎች የሚነዱት የወረዳ ፒክአፕ ከሆነ፣ ሁሉም በየራሱ ልማድ ፍሪሲዮን ከሚያቃጥል አውቶማቲክ ይመረጣል፤ ካምቢዮ የሚፈታ ባለሙያ በግማሽ ቀን መንገድ ውስጥ መኖሩ ግን መረጋገጥ አለበት። ግዢ ከመፈጸሙ በፊት ከሁለት ጋራዦች የፍሪሲዮን ማስቀየሪያና የአውቶማቲክ ማሳደሻ ዋጋ፣ የሚወስደውንም ቀን ጭምር፣ በጽሑፍ ማስቀረብ ይገባል። ኮሚቴው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ሲያያቸው ክርክሩ ያጥራል።

በነገራችን ላይ፣ በአዳዲስ ከባድ ካሚዮኖች ላይ የፍሪሲዮን ፔዳል የሌለው ሦስተኛ ዓይነትም አለ። ውስጡ ማንዋል ካምቢዮ ነው፤ ፍሪሲዮኑን የሚረግጠውና ማርሹን የሚቀይረው ግን ኮምፒውተር ነው። ፔዳል ስለሌለው ብቻ አውቶማቲክ እንዳይመስላችሁ፤ የሚያልቅ ሸራ አለው፣ ዳገት ላይ በነዳጅ ብቻ ተይዞ ቢቆምም ይቃጠላል።

ያገለገለ አውቶማቲክ የሚገዛ ማኅበር ቢያንስ ይህን ይመርምር። መኪናው ግማሽ ሰዓት ያህል ከተነዳ በኋላ የካምቢዮው ዘይት መለኪያ ዘንግ ካለው ተስቦ በነጭ ጨርቅ ይጠረግ። ጥርት ያለ ቀይ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ደኅና ነው፤ ከጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ካለው ሻጩ ምንም ቢል መተው ነው። መለኪያ ዘንግ የሌለው ከሆነ ከሥር ባለው ቡሽ በኩል በባለሙያ ይታይ። ከዚያም ፍሬን ተረግጦ ማንሻው ወደ ዲ፣ ቀጥሎ ወደ አር ይግባ፤ መኪናው ለመያዝ ከሁለት ሰከንድ በላይ ከዘገየ ወይም በኃይል ከደነገጠ፣ ባለሙያ ሳያየው ገንዘብ አይከፈል። ማንዋል ከሆነ ደግሞ የእጅ ፍሬኑን አጥብቆ፣ ከፊቱ ሰው አለመኖሩን አይቶ፣ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቶ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ መልቀቅ ነው። ሞተሩ ወዲያው ከጠፋ ሸራው ይዟል፤ ሳይጠፋ መዞሩን ከቀጠለ የሸራው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ።