በመንገድ የሚያልፍ ሐሳብ፣ ቤት የሚገባ ሐሳብ

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ትምህርት ያደገ ሰው አንድ ነገር ከልጅነቱ ጀምሮ ይሰማል፦ ሰው የሚበድለው በሐልዮ፣ በነቢብና በገቢር ነው፤ በማሰብ፣ በመናገርና በመሥራት። የተናገርነውንና የሠራነውን እናውቀዋለን። ያልተመለሰ ብድር፣ በገበያ መካከል የተሰደበ ሰው፣ በሐሰት የተመሰከረበት ጎረቤት፣ እነዚህ ሁሉ ይታያሉ፣ ይቆጠራሉም። የሐሳብ በደል ግን ምስክር የለውም። ስለዚህ ብዙዎቻችን በንስሐ አባታችን ፊት ስንቀርብ «በሐሳቤም በድያለሁ» ብለን ባንድ ትንፋሽ እናልፈዋለን። የክርስትና ሕይወት ከባዱ ሥራ ያለው እዚሁ በምንዘለው ቦታ ላይ ይመስለኛል። ጌታ በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ስለ መግደል ሲያስተምር ወደ ቍጣ፣ ስለ ዝሙት ሲያስተምር በምኞት ወደማየት መለስ ያለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ይጁቤ የባሶ ሊበን ወረዳ ዋና ከተማ ናት፤ ከደብረ ማርቆስ በስተደቡብ፣ ወደ ዓባይ በሚያወርደው አገር። በዚያ ዙሪያ የሚኖር አንድ ገበሬ ጠዋት በሬዎቹን ጠምዶ እርፉን ሲጨብጥ እጁ ሥራ ይይዛል እንጂ ልቡ ሥራ አልያዘም። ዓምና ጎረቤቱ ድንበሩን አንዲት ትልም ገፍቶበት ከሆነ ያቺ ትልም ትመጣለች። መጀመሪያ ትዝ ትለዋለች፤ ያ ብቻ ነው። በሬዎቹ ዞረው ሲመለሱ ጎረቤቱ ያኔ የተናገረውን ያስታውሳል። ቀጥሎ እሱ ሊመልስለት ይገባው የነበረውን ቃል ይፈልጋል፣ ያገኘዋል፣ ያሾለዋል። በሬዎቹ ሊፈቱ ሲሉ በልቡ ተጣልቶ፣ ተሟግቶ፣ ረትቶ፣ አንዳንዴም ዱላ አንሥቶ ጨርሷል። ጎረቤቱ ግን ያን ቀን አንድ ቃል አልተናገረውም። በድንበር ጠብ ምን ያህል ደም እንደሚፈስ የጎጃም ሰው ነጋሪ አያስፈልገውም፤ ዱላው በእጅ ከመነሣቱ በፊት በልብ ስንት ጊዜ እንደተነሣ ግን ማንም አይጠይቅም።

አበው ይህን ጉዞ ደረጃ በደረጃ ለይተውታል። ሐሳቡ ይመጣል፤ ሰውየው ያነጋግረዋል፤ ይስማማበታል፤ በመጨረሻም ይማረክለታል። በመምጣቱ ማንም አይጠየቅም። በደጃችን መንገደኛው ሁሉ ያልፋል፤ ገብተህ ተቀመጥ ብለን እግሩን ያጠብነው ግን እንግዳችን ነው። ጠላ የቀዳንለት እኛ ነንና ለምን አመሸ ማለት አንችልም።

ክፉ ሐሳቦችን ለይተው በጽሑፍ ካስቀመጡት ቀደምት መነኮሳት አንዱ እ.ኤ.አ. በ399 በግብፅ በረሃ ያረፈው ኤቫግሪዮስ ነው። ስምንት ቆጥሯል፦ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ኀዘን፣ ቍጣ፣ ስልቹነት፣ ከንቱ ውዳሴና ትዕቢት። ከሁሉ የሚደንቀኝ ስለ ስልቹነት የጻፈው ነው። ይህ ሐሳብ መነኩሴውን የሚይዘው ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ነው ይላል። ፀሐይ የቆመች ይመስለዋል፤ ዘጠኝ ሰዓት ለመድረስ ስንት ቀረ እያለ ደጅ ደጁን ያያል፤ ወንድሞቹ ፍቅር የሌላቸው፣ በዓቱም የማይረባ ይሆንበታል። ሌላ አገር ያለ አንባቢ ይህን ሲያነብ ሰዓቱን ማስላት ይኖርበታል። ለእኛ ግን የራሳችን ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሰዓትም እስከ ዛሬ ጿሚው የሚጠብቃት ሰዓት ናት። በመዝሙር 90 ላይ ያለውን ጋኔነ ቀትር ኤቫግሪዮስ የተረጎመው በዚሁ በስልቹነት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? አላስብም ብሎ መታገል ብቻውን አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ1987 አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ዳንኤል ዌግነርና ባልደረቦቹ ሰዎችን ነጭ ድብ እንዳያስቡ ነግረው ፈተኗቸው፤ ሰዎቹም ድቡን ከአእምሯቸው ማውጣት አቃታቸው። የበረሃ አባቶች ይህን በራሳቸው ላይ አይተውት ነበርና ምክራቸው ልብን ባዶ አድርግ የሚል አይደለም፤ መልስ ይኑርህ የሚል ነው። ጌታ በገዳመ ቆሮንቶስ ሲፈተን ለሦስቱም ፈተና የመለሰው ከኦሪት ዘዳግም ነው። መጽሐፍ ዘርግቶ አልፈለገም፤ ቃሉ በአፉ ነበር።

የአብነት ትምህርት ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታየኛል። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ፣ ውሻ እየተከላከለ ቁራሽ ሲለምን ረኀቡም ቍጣውም ናፍቆቱም አብረውት ይዞራሉ፤ ዳዊቱም አብሮት ይዞራል። 150ው መዝሙራት ለሳምንቱ ቀናት ተከፋፍለው የሚደገሙት ልብ ያለ ስንቅ እንዳይውል ጭምር ነው። ከጉባኤ ቤቶቻችን አንዱ መጻሕፍተ መነኮሳት የሚተረጎምበት ነው፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ እየተነበቡ የሐሳብ ውጊያ በመምህር ፊት ይመረመራል። ይህ ሀብት ከጉባኤው ወጥቶ ወደ ገበሬው፣ ወደ ነጋዴውና ወደ ቢሮ ሠራተኛው በበቂ አለመድረሱ ያሳዝነኛል።

ገበሬው ያን ሁሉ መማር የለበትም። ያቺ ትልም ትዝ ስትለው፣ ገና ክርክሩ ሳይጀመር፣ የጎረቤቱን የክርስትና ስም ጠርቶ አንዲት አባታችን ሆይ ቢጸልይለት መልስ ሰጥቷል። ነገ ትመለሳለች፤ ነገም ይጸልያል። ለንስሐ አባቱም «በሐሳቤ በድያለሁ» ከማለት «እገሌን በልቤ ስመታው ዋልሁ» ብሎ ይናገር። አባም ከስግደቱ ጋር ሽማግሌ እንዲልክ ቢያዙት፣ ድንበሩም በሽማግሌ ፊት ቢለካ፣ ቂሙ የሚንጠለጠልበት ያጣል።

አንድ ነገር ሳልለይ ማለፍ አልፈልግም። ጸሎት በሚወዱ ሰዎች ላይ ሳይፈልጉት የሚመጣ አስፈሪ ሐሳብ አለ፤ በቅዳሴ መካከል በእግዚአብሔር ላይ የሚሰነዘር የስድብ ቃል ዓይነት። ሰውየው ሐሳቡ የራሱ ይመስለውና ከቁርባን ይሸሻል፤ ለማንም መናገር ያፍራል። በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሲና ይኖር የነበረው ዮሐንስ ክሊማቆስ በዚህ ሐሳብ 20 ዓመት ስለተሠቃየ መነኩሴ ጽፏል። ጾሙም ትጋቱም አልረዱትም። በመጨረሻ ሐሳቡን በወረቀት ጽፎ ለአንድ አረጋዊ ሰጠና በፊታቸው ተደፋ። አረጋዊው አንብበው ፈገግ አሉ፤ አነሡት፤ እጁን በአንገታቸው ላይ አስደርገው ኃጢአቱን በራሳቸው ላይ ወሰዱለት፤ ከእንግዲህ ለሐሳቡ ቁም ነገር እንዳይሰጠው ብቻ አዘዙት። መነኩሴውም ከበዓታቸው ሳይወጣ ሐሳቡ ለቀቀው።

እንዲህ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ተግሣጽ አይደለም፤ ሳይደነግጥ የሚሰማው አባት ነው። ሐሳቡ እንቅልፍና ምግብ ከከለከለው፣ ወይም ራሱን ወደ መጉዳት ከገፋው፣ ሐኪምም ያስፈልገዋል፤ ቤተሰቡ ጸበሉን ሳያስቋርጥ ሆስፒታል ይውሰደው።