ከኋላ የሚመጣው መብራት

የስድስት ዓመቱ የልጅ ልጄ አሰላ ከተማ ውስጥ አምቡላንስ ባየ ቁጥር እጄን ይጎትታል። «አባባ፣ ለምንድን ነው ቀይና ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ የሚለው?» ይለኛል። እሱ አያውቅም እንጂ ወደዚህ ዓለም የመጣው በዚያ መብራት እየተመራ ነው።

«መንገድ ልቀቁልኝ ማለቱ ነው» እለዋለሁ። ልመናው ግን ከመኪናው በፊትም ነበረ። በእኔ ልጅነት በአርሲ ደጋ ምጥ የጠናባት እናት የምትወሰደው በቃሬዛ ነበር። ወንዶች እየተፈራረቁ ይሸከሟታል፤ ከመሸ አንዱ ፋኖስ ይዞ ከፊት ይቀድማል። ፋኖሱን ያየ መንገደኛ ዳር ይይዛል፤ ጉልበት ያለው ደግሞ ትከሻውን ያቀብላል።

በሌላው ዓለም የእሳት አደጋና የሕመምተኛ መኪኖች መጀመሪያ መንገድ የሚያስለቅቁት በደወል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ የመኪና ጣሪያ ላይ የሚሽከረከር መብራት መጣ። ትንሽ ሞተር እያዞረው ብርሃኑን በአራቱም አቅጣጫ ይወረውራል፤ ከሩቅ ለሚያየው ብልጭ ድርግም የሚል ይመስላል። ሰማያዊውን ቀለም ያስለመደችው ጀርመን ስትሆን፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የአየር ድብደባ የሚፈራበት ነበር። ሰማያዊ ብርሃን አየር ውስጥ ቶሎ ስለሚበተን ከላይ ለሚበር አውሮፕላን በቀላሉ አይታይም ተብሎ ነው የተመረጠው።

ቀለሙ ሌላም ጥቅም አለው። ዓይናችን በጨለማ ከቀይ ይልቅ ሰማያዊን አጉልቶ ያያል። ቀይ ደግሞ በሌሊት ከሌሎች መኪኖች የኋላ መብራት ጋር ሊምታታ ይችላል። ሁለቱን ማጣመሩ የሚረዳው ለዚህ ነው። ዛሬ የሚሽከረከረውን አምፖል የተካው ኤል ኢ ዲ ነው፤ ሞተር አይፈልግም፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ብርሃኑም እጅግ ብርቱ ነው። ከብርታቱ የተነሳ በሌሊት የሌላውን ሹፌር ዓይን እንዳያጭበረብር ሲመሽ የሚደበዝዝ ዓይነትም ተሠርቷል።

ይህ ሁሉ መሻሻል ግን ብቻውን መንገድ አይከፍትም። ይህን የተማርኩት የልጅ ልጄ በተወለደበት ሌሊት ነው። ልጄ ምጥ ጠንቶባት ከበቆጂ ወደ አሰላ በአምቡላንስ ስንመጣ ክረምት ነበር። ከጭላሎ የወረደው ጉም አስፋልቱን ውጦታል። መብራታችን ከጉሙ ላይ እየነጠረ ወደ ራሳችን ሹፌር ዓይን ይመለሳል። ከፊታችን አንድ የጭነት መኪና መሃል መንገድ ይዞ ይንፏቀቃል። ሳይረኑ ይጮኻል፣ መብራቱ ይበራል፤ ሰውየው ግን ወይ ፍንክች። ልጄ እጄን ጨምቃ ይዛኛለች። ያን ሹፌር ያልረገምኩት እርግማን የለም።

እርግማኑን ሳልጨርስ ግን የራሴ ነገር ትዝ አለኝ። እኔም ለዓመታት ሹፌር ነበርኩ። አንድ ቀን አምቡላንስ ከኋላዬ መብራቱን እያበራ ሲመጣ፣ «ይሄ በሽተኛ ሳይሆን ጤፍ ነው የጫነው» ብዬ መንገድ ከልክዬዋለሁ። ውስጡ ማን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላውቅም። በዚያ ጉም ውስጥ የልጄን እጅ ይዤ ያሰብኩት እሱን ነበር።

የጭነት መኪናው በመጨረሻ ዳር ያዘልን፤ ልጄም በሰላም ተገላገለች። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር አልተውኩም፤ ለልጆች ደንቡን አስተምራለሁ። ሳይረን ስትሰሙ ወይም መብራት ስታዩ ወደ ቀኝ ዳር ያዙና ቁሙ። አምቡላንሱ ካለፈ በኋላ መንገድ ተከፈተልኝ ብላችሁ ተከትላችሁ አትሩጡ። እግረኛ ከሆናችሁ አስፋልቱን ሳታቋርጡ አሳልፉት። የቀይ መስቀል አምቡላንስ መጥሪያ 907 መሆኑንም በቃል ያዙ። ውስጡ ማን እንዳለ መመርመር የእኛ ሥራ አይደለም። አሥር መኪና ባዶውን ቢያልፍ የምናጣው ደቂቃ ነው፤ አንዱን ብንከለክል ግን ነፍስ ሊጠፋ ይችላል።

ባለፈው ሳምንት ከልጅ ልጄ ጋር ባጃጅ ተሳፍረን ስንሄድ ከኋላችን ያ መብራት ብልጭ አለ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ዳር ይያዙ! ሰው አለበት!» አለ።

ባለባጃጁም ያዘ።