የመሻይኾቻችን ድምፅ ከካሴት ወዴት ይሂድ?

በብዙ መስጂዶችና መድረሳዎች መደርደሪያ ላይ፣ በየቤታችንም በካርቶን ውስጥ፣ አቧራ የለበሱ ካሴቶች ተቀምጠዋል። ከመግሪብ እስከ ዒሻ የተሰጡ የተፍሲር ደርሶች፣ የረመዷን ሙሐደራዎችና መንዙማዎች አሉባቸው። ካስተማሩን መሻይኾች ብዙዎቹ ወደ አኼራ ሄደዋል፤ አላህ ይዘንላቸው። ያንኑ ኪታብ ሌላ ዓሊም ሊያቀራው ይችላል። የእነዚያ መሻይኾች ማብራሪያ ግን ከዚያ ካሴት ሌላ የትም ላይኖር ይችላል።

ጉዳዩ ሲነሳ ወጣቶቹ «ሁሉንም ፍላሽ ላይ ገልብጠን ካሴቱን እንጣለው» ይላሉ። አባቶች ደግሞ «ይህን ሁሉ ዘመን የቆየ ካሴት ምን ሆነና?» ይላሉ። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው።

ካሴት በ1963 (እ.ኤ.አ) ለገበያ የቀረበ ቴክኖሎጂ ነው። ድምፁ የሚያዘው በስስ የፕላስቲክ ክር ላይ በተቀባ መግነጢሳዊ ዱቄት ነው። ሙቀት፣ እርጥበትና ሻጋታ ይጎዱታል፤ በተጫወተ ቁጥርም ይሳሳል። ከዚህ የባሰው ችግር ግን ማጫወቻው ነው። ደህና የሚሠራ ቴፕ ማግኘት እየከበደ ነው፤ የሚጠግን ባለሙያም እንደዚያው። ካሴቱ ደህና ሆኖ ማጫወቻው ከጠፋ ደርሱም እንደጠፋ ይቆጠራል። ስለዚህ መገልበጡ መዘግየት የለበትም።

ጥያቄው ወደ ምን እንገልብጥ የሚለው ነው። ሲዲ ቀድሞ የተሞከረ መንገድ ነበር። በቤት የሚቃጠል ሲዲ ግን ድምፁን የሚይዘው በቀለም ንጣፍ ላይ ስለሆነ ብርሃንና ሙቀት ያበላሹታል። አዳዲስ ላፕቶፖችም የሲዲ ማስገቢያ የላቸውም። ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ርካሽና ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን በቀላሉ ይጠፋሉ፣ ድንገትም ይበላሻሉ። ኤስኤስዲ ፈጣን ነው፤ ቢወድቅም ይችላል። ይሁን እንጂ እሱም እንደ ፍላሹ መረጃን የሚይዘው በኤሌክትሪክ ሙሌት ስለሆነ፣ ሳይሰካ ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ ለሚቀመጥ ነገር አይመረጥም። ተራው ሃርድ ዲስክ በውስጡ የሚሽከረከር አካል ስላለው መውደቅ አይወድም። ዋጋው ከያዘው መጠን አንጻር ሲታይ ግን ለማኅደር የሚሻለው እሱ ነው።

ሒሳቡን እንየው። አንድ የ60 ደቂቃ ካሴት ሳይጨመቅ በዌቭ ፋይል ሲገለበጥ ወደ 635 ሜጋባይት ይሆናል። 500 ካሴቶች ወደ 320 ጊጋባይት ይወስዳሉ፤ የአንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ በሰፊው ይበቃቸዋል። በ128 ኪሎቢት ኤምፒስሪ ከተጨመቁ ግን 500ዎቹም በአንድ የ32 ጊጋባይት ፍላሽ ይገባሉ። ፈተናው እዚህ ላይ ነው። የአንድ መስጂድ የብዙ ዓመታት ደርስ በአንድ ኪስ ከገባ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል።

በየማማ ዘመቻ ብዙ የቁርኣን ሓፊዞች ሲሰዉ፣ በዑመር (ረ.ዐ) አሳሳቢነት አቡበክር (ረ.ዐ) ቁርኣኑ እንዲሰበሰብ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ) አዘዙ። ዘይድም ከዘንባባ ዝንጣፊ፣ ከስስ ድንጋይና ከሰዎች ልብ ሰበሰቡት። ጽሑፉ ሲሟላ ሒፍዙ አልተተወም፤ ሁለቱም ጎን ለጎን እስከ ዛሬ ዘለቁ። የእኛ ደርስ ከአላህ ቃል ጋር አይነጻጸርም፤ ከመንገዱ ግን እንማራለን። አዲሱ መያዣ ሲመጣ ከአሮጌው ጎን ይቆማል እንጂ ወዲያው አይተካውም።

በተግባር የምንመክረው ይህን ነው፦

• ከመጀመራችሁ በፊት በካሴቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ትንንሽ ፕላስቲኮች ስበሩ፤ በስህተት ሌላ ድምፅ እንዳይቀዳበት ይከላከላሉ። የቴፑንም ራስ በአልኮል አጽዱ።

• ቴፑን ከኮምፒውተር ጋር በድምፅ ገመድ አገናኙና ኦዳሲቲን በመሰለ ነፃ ፕሮግራም ቅዱ። ቅጂው ካሴቱ የሚፈጀውን ያህል ሰዓት ይፈጃል። 500 ካሴት በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 100 ቀን ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ተከፋፈሉት። ልትሰሙት የማይቻል ደረጃ ላይ ሊደርሱ የተቃረቡትንና ሌላ ቅጂ የሌላቸውን አስቀድሙ።

• ዋናውን በዌቭ አስቀምጡ፤ ለማዳመጥና ለማሰራጨት ኤምፒስሪ አውጡለት። በፋይሉ ስም ላይ የመምህሩን፣ የኪታቡንና የመስጂዱን ስም እንዲሁም ዓመቱን ጻፉ። ስም የሌለው ድምፅ ከሃያ ዓመት በኋላ ማንም አያውቀውም።

• በሁለት ሃርድ ዲስክ ያዙት፤ አንዱ መስጂድ፣ ሌላው ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ሦስተኛው ቅጂ ኢንተርኔት ላይ ይሁን። በየስድስት ወሩ ከፍታችሁ አድምጡ፤ ከአምስት ዓመት ገደማ በኋላም ወደ አዲስ ዲስክ አሸጋግሩ።

• ወደ ቴሌግራም ወይም ዩትዩብ ከመልቀቃችሁ በፊት የሸይኹን፣ በሕይወት ከሌሉም የቤተሰባቸውን ፈቃድ ጠይቁ። ደርሱን ቆራርጣችሁ ትርጉሙን አታዛቡ። ይህ አማና ነው።

ካሴቶቹንስ? ቅጂው ተሰምቶ እስኪረጋገጥ ድረስ አትጣሉ። ከዚያም በኋላ ቦታ እስካለ ድረስ ደረቅና ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ፣ ከድምፅ ማጉያ ርቀው ይቀመጡ።

ሰው ሲሞት ከማይቋረጡለት ሥራዎች አንዱ ሰዎች የሚጠቀሙበት ዒልም እንደሆነ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። መሻይኾቻችን ዒልሙን ትተውልናል፤ ለቀጣዩ ትውልድ ማድረስ የእኛ ድርሻ ነው። በዚህ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ የመስጂዳችሁን መደርደሪያ ክፈቱና ስንት ካሴት እንዳለ ቁጠሩ። ሥራው ከዚያ ይጀምራል፣ ኢንሻአላህ።